የመዲናዋ ሐውልቶችና አደባባዮች በምሽት ጉብኝት

ከደጀን ለስብሰባ ወይም ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ የመንግሥት ሠራተኛ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ያቋርጣል። የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ተሠርቶ በጳጉሜን 2000 ዓ.ም በተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ባለው የህዳሴ ድልድይ ይሻገራል፤ በጎሐ ጽዮንና በፍቼ በኩል አልፎ እንጦጦን ሲወርድ መዲናዋ ከፊቱ ትዘረጋለች። ቆይታው ግን የአዳራሽ ቆይታ ነው። ስብሰባው በ11 ሰዓት ተኩል ሲበተን አብዛኞቹ ሙዚየሞችም በራቸውን ይዘጋሉ። ከተማዋን ለማየት የሚቀረው ምሽቱ ብቻ ይሆናል።

ይህ ሰዓት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለጉብኝት የተመቸ ሆኗል። መስቀል አደባባይ ታድሶ በሰኔ 2013 ዓ.ም ሲመረቅ፣ ከዚያም በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር በዋና ዋና መንገዶች፣ ሕንፃዎችና አደባባዮች ላይ የምሽት መብራት በስፋት ተተክሏል። ሆኖም መብራት ቅርጽን እንጂ ታሪክን አያሳይም። ፓውዛ የበራበትን ሐውልት የሚያይ እንግዳ ማን እንዳቆመው፣ መቼና ለምን እንደቆመ የሚነግረው አስጎብኚ ካላገኘ ፎቶግራፍ አንስቶ ከማለፍ የዘለለ ጥቅም አያገኝም። በግብፅ የጊዛ ፒራሚዶች ከ1961 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሚቀርበው የድምፅና የብርሃን ትርዒት ለረጅም ዘመን ጎብኚ ሳያጣ የዘለቀው መብራቱ ከትረካ ጋር ተያይዞ ስለሚቀርብ ነው።

በአዲስ አበባ በእግር ለሚደረግ የምሽት ጉብኝት ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ታች መውረድ ይመረጣል፤ መንገዱ ቁልቁለት በመሆኑ አያደክምም። በየካቲት 2016 ዓ.ም የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ መነሻ ሲሆን፣ በቅርብ ርቀት የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የፈረሰኛ ሐውልት ይገኛል። ሐውልቱ በጥቅምት 1923 ዓ.ም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ተመርቆ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተነቅሎ፣ ከነጻነት በኋላ ዳግም የቆመ ነው። በኮሪደር ልማቱ ከአካባቢው የተነሡት ነባር ቤቶችም የፒያሳ ታሪክ አካል ናቸው። ዛሬ በቦታቸው መብራትና አበባ ብቻ ለሚያይ ሰው ምን እንደነበረ ማስረዳት የአስጎብኚው ድርሻ ነው።

በቸርችል ጎዳና ሲወረድ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት ይታያል። ሐውልቱ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት የወደቁትን ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች ይዘክራል። ከዚያ በታች ብዙ ሰው የሚያምታታቸው ሁለት አንበሶች አሉ። በብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የሠራው፣ የንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ 25ኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። በለገሃር የባቡር ጣቢያ ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ግን ከዚያ የሚቀድም፣ የ1923 ዓ.ም ሐውልት ነው። ወራሪው ጦር ነቅሎ ወደ ሮም ወስዶት ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም ሰይፉን የመዘዘው በዚያው አንበሳ አጠገብ ነው። አንበሳው ወደ አገሩ የተመለሰው ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ይህን ያልሰማ ጎብኚ በቴአትሩ ፊት ያለው ስለሚገዝፍ ዋናው እርሱ ነው ብሎ ይሄዳል።

ከመስቀል አደባባይ ብዙም በማይርቀው የአፍሪካ አዳራሽ ደግሞ ብርሃን የሥራው ዋና አካል ነው። በ1953 ዓ.ም የተመረቀው ይህ አዳራሽ በግንቦት 1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ሲሆን፣ ከሰፊ ዕድሳት በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም ዳግም ተከፍቷል። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥዕል የአፍሪካን ትላንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። ባለቀለም መስታወት በቀን የፀሐይ ብርሃን ሲያልፍበት ከውስጥ ይነበባል፤ በምሽት ግን የውስጡ መብራት ሲበራ ቀለሙ የሚታየው ከውጭ ነው። መብራቱ ከጠፋ ሥዕሉ ጥቁር ግድግዳ ይመስላል። በምሽት ጉብኝት መርሐ ግብር ሊያካትቱት የሚሹ አካላት የመብራቱን ሰዓት ከሕንፃው አስተዳደር ጋር አስቀድመው መነጋገር ይኖርባቸዋል።

በአማራ ክልል ለዚህ ዓይነቱ ጉብኝት ቅርብ የሚሆነው በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ ነው። ድልድዩ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ስላለው ከተማው ውስጥ በእግር እየተጓዙ ለማየት ያመቻል። የደጀኑ ድልድይ ሁኔታ የተለየ ነው። ከከተማው ርቆ በገደሉ ግርጌ የሚገኝ፣ በጠመዝማዛ መንገድ የሚወረድበት በመሆኑ የዓባይ በረሃ ውበት የቀን ነው። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የተከሰተው ግጭት በጉዞ ላይ ያሳደረው ጫናም በምሽት ጉዞ ዕቅድ ውስጥ የሚዘነጋ አይደለም።

በመዲናዋ ለሚደረገው ጉብኝት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይበቃል። ቡድኑ አስጎብኚውን ለመስማት እንዲችል አነስተኛ ቢሆን ይመረጣል፤ አስጎብኚው ፈቃድ ያለው መሆኑም መረጋገጥ አለበት። በቤተ መንግሥትና በጸጥታ ተቋማት አካባቢ ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ምሽት ስለሚቀዘቅዝ ጃኬት፣ በክረምት ደግሞ ዣንጥላ አይረሳም። የመመለሻ መኪናም ቁልቁለቱ በሚያበቃበት በለገሃር በኩል ቢጠብቅ ዳገቱን መልሶ ከመውጣት ያድናል።