የከረሜላ ሰው ሠራሽ ቀለሞችና የሕፃናት ጤና

ከረሜላ ደማቅ ቀይ፣ ቢጫና ብርቱካናማ መልኩን በአብዛኛው የሚያገኘው ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ ከሚዘጋጁ ማቅለሚያዎች ነው። ማቅለሚያዎቹ ምግቡን ከብልሽት አይጠብቁም፤ ለሰውነትም አንዳች ንጥረ ነገር አይሰጡም። አምራቾች የሚመርጧቸው ከቀይ ሥር ወይም ከእርድ ከሚወጣው ቀለም ይልቅ ርካሽ ስለሆኑ፣ ሙቀትና ብርሃንም ቶሎ ስለማያደበዝዛቸው ነው።

መነሻቸው የጨርቅ ማቅለሚያ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን በ1856 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ሐምራዊ ቀለም ካወጣ በኋላ፣ ተመሳሳይ ቀለሞች ወደ ምግብም ገቡ። በ1950 አሜሪካ ውስጥ ብርቱካናማ ቁጥር 1 የተባለው ቀለም በብዛት የተጨመረበትን ከረሜላ የበሉ ልጆች ታመሙ። በ1960 የወጣው የማቅለሚያ ሕግ ደግሞ በሰው ወይም በእንስሳ ላይ ካንሰር ማምጣቱ የታየ ቀለም እንዳይፈቀድ ደነገገ።

ድንጋጌው ግን በሁሉም ላይ እኩል አልተሠራበትም። ቀይ ቁጥር 3 (ኤሪትሮሲን) በወንድ አይጦች ላይ የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር በማስከተሉ በ1990 ከመዋቢያዎች ታገደ። ከምግብ እንዲወጣ የተወሰነው ግን በ2025 መጀመሪያ ነው። በአይጦቹ ላይ ካንሰሩን ያመጣው የሆርሞን ሂደት በሰው ላይ በዚያው መልክ እንደማይከሰት ባለሙያዎች ይገልጻሉ። ቢሆንም ለከንፈር ቀለም የተከለከለ ነገር ሕፃናት በሚመጥጡት ከረሜላ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ መቆየቱን ሊያስረዳ የሚችል አሳማኝ ምክንያት የለም። የአውሮፓ ኅብረት ይህንኑ ቀለም ከጥቂት የቼሪ ዝግጅቶች በቀር ለምግብ አይፈቅድም።

በስፋት የሚያከራክረው የጠባይ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ የ3 ዓመትና የ8–9 ዓመት ልጆች ማቅለሚያዎችና ሶዲየም ቤንዞኤት የተባለ የምግብ መጠበቂያ የተቀላቀሉበትን መጠጥና ማቅለሚያም ቤንዞኤትም የሌለበትን አምሳያውን በየተራ እንዲጠጡ ተደረገ፤ የትኛውን እንደጠጡ ልጆቹም ወላጆቹም አያውቁም ነበር። ቅልቅሉን በጠጡ ጊዜ በአማካይ በመጠኑ ቅብጥብጥ ሆነው ታዩ። ውጤቱ ግን ከልጅ ልጅ፣ ከቅልቅል ቅልቅልም ይለያይ ነበር፤ ቀጥሎ የወጣ ጥናት ልዩነቱን በከፊል ሂስታሚን የተባለውን የሰውነት ኬሚካል ለማፍረስ ከሚያገለግል ዘረመል ጋር አያይዞታል። ማቅለሚያዎቹና ቤንዞኤቱ በአንድነት ስለተሰጡ፣ ተጠያቂው የትኛው እንደሆነ ከዚህ ጥናት ብቻ መለየት አይቻልም።

ከዚህ ጥናት በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ ታርትራዚንና አሉራ ቀይን ጨምሮ ስድስት ማቅለሚያዎች ያሉባቸው ምግቦች በልጆች እንቅስቃሴና ትኩረት ላይ ጎጂ ተጽዕኖ ሊኖራቸው እንደሚችል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍባቸው አስገደደ። ማስጠንቀቂያውን ከመለጠፍ ቀለሙን መቀየር የመረጡ አምራቾች ብዙ ናቸው። ጥቅሙ ለዓይን ብቻ ለሆነ ነገር እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ተገቢ ነው።

ከጠባይ ባሻገር፣ ታርትራዚን በጥቂት ሰዎች ላይ ማሳከክና ሽፍታ ያስነሣል። የተፈጥሮ የሚባሉትም ሁልጊዜ ከጉዳት ነፃ አይደሉም፤ ከነፍሳት የሚወጣው ካርሚን በአንዳንዶች ላይ ብርቱ አለርጂ ያስከትላል። ስለዚህ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ወላጆች በማሸጊያው ላይ የቀለሙን ስም መፈለግ ይኖርባቸዋል፦ ታርትራዚን በአውሮፓ ምርቶች ላይ ኢ102፣ በአሜሪካ ምርቶች ላይ ደግሞ ቢጫ ቁጥር 5 ተብሎ ይጻፋል።