የድሮ ኪቦርድ ጥገናና የሙዚቃ ታሪካችን ማስረጃ



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከራሴ ስህተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን በየሠርጉ ሲጫወቱ የኖሩ አንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ ያማሃ ዲ.ኤክስ. 7 ኪቦርዳቸውን ሸጡልኝ። አሮጌ ኪቦርዶችን መጠገን የትርፍ ጊዜ ሥራዬ ስለ ሆነ፣ በክረምቱ ዕረፍት ወደ ማንኩሽ ይዤው ሄድሁ። ከፍቼ አቧራውን ጠረግሁ፤ ከቁልፎቹ ሥር ያሉትን መገናኛዎች አጸዳሁ፤ የደከመውን ባትሪም ነቅዬ በአዲስ ተካሁ። ኤሌክትሪክ ሲሰካ ቁልፎቹ ሁሉ ሠሩ። ነገር ግን ባለቤቱ ወደ ክራርና ወደ ማሲንቆ እንዲቀርቡ አድርገው በዓመታት ያዘጋጇቸው ድምፆች ጠፍተው ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ የቀረበው ይህ መሣሪያ በውስጡ የሚያስቀምጣቸውን 32 ድምፆች መብራት በሌለ ጊዜ የሚጠብቅለት አንዲት ትንሽ ባትሪ ናት። እርሷ ስትነቀል ድምፆቹ አብረው ይጠፋሉ። አስቀድሞ ወደ ካርትሪጅ ወይም በሚዲ ገመድ ወደ ሌላ መሣሪያ መገልበጥ ይቻል ነበር። ሰነድ ከመነካቱ በፊት ይገልበጥ እያልሁ የማስተምር የታሪክ መምህር፣ በእጄ ያለው ሰነድ መሆኑን አላስተዋልሁም።

ጉዳቱን ለመረዳት ኪቦርድ በሙዚቃችን የሠራውን ሥራ ማየት ያስፈልጋል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ እንደ ፈቀደ ያንሸራትታል። ኪቦርድ ግን በአንድ ኦክታቭ ውስጥ 12 የተወሰኑ ድምፆች ብቻ አሉት። ስለዚህ የአንቺ ሆዬን ወይም የባቲን ቅኝት በኪቦርድ የሚጫወት ሰው ድምፁን በማርገብገብ፣ በማጠፍና መልኩን በመለወጥ ያንን ልዩነት ለመሙላት ይጥራል። የዚህ ጥረት አሻራ የሚቀረው በካሴት ብቻ አይደለም፤ በመሣሪያው ውስጥም ይቀራል።

የኃይሉ መርጊያን ታሪክ እንመልከት። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሲሆኑ፣ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 ‹‹ቼ በለው›› የተሰኘውን አልበም አሳተመ። በኋላ በአሜሪካ ቀርተው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣቱን ሥራቸውን አኮርዲዮንን ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሙግ ሲንተሳይዘር ጋር አዋሕደው ሠሩት። ይህ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ለዓለም አድማጭ ደረሰ። ካሴቱ ባይተርፍ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ሆኖም ካሴት የሚነግረን ምን እንደ ተሰማ ነው፤ እንዴት እንደ ተሠራ ለማወቅ መሣሪያው ያስፈልገናል። በሮድስ ውስጥ መዶሻ የብረት ዘንግ ይመታል፤ ቅኝቱ የሚስተካከለውም በዘንጉ ላይ ያለችውን ጥቅል ሽቦ በማንቀሳቀስ ነው። ሽቦዋን ያለ ማስታወሻ የሚያንቀሳቅስ ጠጋኝ የቀደመውን ቅኝት ይሰርዛል።

‹‹መሣሪያ የሚሠራው ለመጫወት እንጂ ለሙዚየም አይደለም›› የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት አለው። ኃይሉም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት በመኪናቸው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። ስለዚህ አይጠገን አልልም። ከመከፈቱ በፊት ድምፁ ይቀረጽ፤ የተነቀለው ዕቃ አይጣል፤ የተደረገው ሁሉ ይጻፍ፤ ባለቤቱም የትና ለማን እንደ ተጫወተ ይጠየቅ እላለሁ።

ይህ አሳብ ለክልላችን እንግዳ አይደለም። በበርታ ሕዝብ ዘንድ ከቅል የሚሠሩት የዋዛ ጥሩንባዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ይሰጣሉ፤ ዜማው የሚገኘው ከኅብረታቸው ነው። አንዱ ሲጎድል የቀሩት ቢበዙም ቦታውን አይሞሉለትም። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ አካሉን አድኜ ከድምፁ አጎደልሁ።

ወደ አንጋፋው ሙዚቀኛ ተመልሼ ጥፋቴን ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም። ሁለት ከሰዓት በኋላ ከኪቦርዱ ፊት ተቀምጠው፣ ከትዝታቸው አራት ድምፆችን እንደገና ሠሩ። የቀሩትን እርሳቸውም ረስተዋቸዋል። እነዚያን አራቱን ግን በዚያው ዕለት ገለበጥሁ፤ እንዴት እንደ ሠሯቸውም አንድ በአንድ ጻፍሁ።