አሮጌውን ይዞ መሄድ

እስቲ ቀረብ በሉ። ጀበናው ገና መጣዱ ነው፣ ዝናቡም ቶሎ የሚያባራ አይመስልም፤ እንግዲያው ከስንዝር ያነሰች አንዲት ዕቃ ከባንኮ ጎቲቲ ዲላ ድረስ ሁለት ጊዜ እንዴት እንዳመላለሰችኝ ላውጋችሁ።

ወሩ ኅዳር ነበር። ጌዴብን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቀይ እሸት ቡና ከየጓሮው በኬሻ ይወርዳል፣ ይፈለፈላል፣ ይታጠባል፣ አልጋው ላይ ይሰጣል፣ ሰውም ሌሊቱን ከቀኑ አይለይም። እኔ ያኔ በአንድ መፈልፈያ ጣቢያ ሒሳብ እይዝ ነበር፤ ማን ስንት ኪሎ አስረከበ፣ ስንት ይከፈለው የሚለው ሁሉ ያለው በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020 ነው፣ ራሙም 4 ጊጋ። ረጅሙን የኤክሴል መዝገብ ከፍቼ ሌላ ነገር ስነካ ስታክ ያደርጋል። ገበሬው ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሞ «አይዞህ ልጄ፣ ይደርሳል» ይለኛል፤ ይህ ደግሞ ከስድብ ይከፋል።

ራም እንጨምርለት ተባለና አንድ ማለዳ በሞተር ወደ ጌዴብ ወጣሁ፣ ከዚያ ሚኒባስ ይዤ ይርጋጨፌን አለፍኩ፣ ወናጎንም አለፍኩ። መንገዱን ሙሉ ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡናና እንሰቱ ተደጋግፈው ይታያሉ፤ ዩኔስኮ በ2016 መስከረም የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ይህንኑ መልክዓ ምድር ነው። ዲላ ከጌዴብ ይልቅ ትሞቃለች፤ ስወርድ ጃኬቴን አውልቄ በክንዴ ያዝኩና አንድ ሱቅ ገባሁ።

«8 ጊጋ ራም» አልኩ።

«ዲዲአር ስንት?» አለኝ ልጁ።

አላውቅም ማለት አፈርኩ። «አዲሱን» አልኩት። እሱም ዲዲአር4 ሰጠኝ፣ እኔም ከፍዬ፣ ደስ እያለኝ ዳገቱን ወጣሁ።

ማታ ገመዱን ነቅዬ፣ ኬዙን ከፍቼ፣ ራሟን ቦታዋ ላይ ባስቀምጣት እንቢ አለች። ጥርሷ መሐል ያለችው ቀዳዳ ከስሎቱ ጉብታ ጋር አትገጥምም። ገልብጬ ሞከርኩ፣ ያውም አልሆነም፤ በአውራ ጣቴ ልጫናት ስል የመፈልፈያው መካኒክ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ኖሮ «ተው!» አሉኝ።

ቀረብ ብለው አዩዋትና «አሮጌውን ይዘህ ነበር የሄድከው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እሳቸው የማሽኑ ዕቃ ሲበላ ስሙን ለባለሱቅ አይነግሩም፤ የተበላውን በጨርቅ ጠቅልለው ይሄዳሉ፣ ባንኮኒው ላይ ዘርግተው «ይህን» ይላሉ። ከኪሳቸው ያችኑ ጨርቅ አውጥተው ሰጡኝ።

የጋሼ «ተው» ኮምፒውተሩን አዳነው። የእኔ ማሽን የሚወስደው ዲዲአር3 240 ጥርስ አለው፣ ዲዲአር4 ግን 288፤ ያኛው 1.5 ቮልት ሲጠጣ ይህኛው በ1.2 ይበቃዋል። የቀዳዳዋ ቦታ እንዲለያይ የተደረገው ሰው ሳያውቅ አንዱን በሌላው ስሎት ሰክቶ እንዳያቃጥል ነው። እኔ ደግሞ ጉልበት ልጨምርበት ነበር!

በማግሥቱ በዝናብ፣ አሮጌዋን ራም በጨርቁ ጠቅልዬ፣ ደረት ኪሴ ከትቼ ተመለስኩ። የሱቁ ልጅ ጨርቁን ሲያይ ሳቀ፤ ጨርቅ ሲታሽ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ራም ሊገድል ይችላል፣ ብርማው ከረጢት ይሻላል አለኝ። ከዚያ አሮጌዋን ወደ መብራት አስጠግቶ ተለጣፊዋን አነበበልኝ፦ ዲዲአር3፣ ፒሲ3-12800፣ መጨረሻዋ ላይ ዩ። 12800 ማለት ፍጥነቷ 1600 ነው፣ በ8 ሲባዛ። ሦስት ራሞች ደረደረልኝ። አንዷ አጭር ናት፣ የላፕቶፕ። ሁለተኛዋ ረጅምና ርካሽ ናት፣ እጄ ወደ እሷ ሲሄድ ልጁ መለሰኝ፤ ቁጥሯ መጨረሻ ላይ አር አለባት፣ የሰርቨር ናት፣ እንደኔው ባለ ተራ ዴስክቶፕ ላይ አትሠራም። ሦስተኛዋ የአሮጌዋ እኅት ነበረች፣ 4 ጊጋ።

«8 አልነበር የፈለግኩት?» አልኩ።

ያንተ ማሽን ያለው ሁለት ስሎት ነው፣ እስከ 16 ጊጋ ይችላል፤ ለኤክሴል ግን አራትና አራት ተጠምደው ይበቁሃል፣ እኩል ሲሆኑ ጎን ለጎን ይሠራሉ አለኝ። እንደ በሬ ጥማድ ማለቱ ነው፤ በእኛ ቀዬ በበሬ ብዙም አይታረስም እንጂ። ቀጥሎ ዊንዶውሴ 32 ነው ወይስ 64 ብሎ ጠየቀኝ፣ ባለ 32ቱ ከ4 ጊጋ በላይ ለመጠቀም አይችልምና። ይህችን እንኳ መዳፌ ላይ ጽፌ ነበር፤ ዝናቡ ግማሹን አጥቦታል፣ 64ቷ ግን ትነበባለች። ትናንት የገዛኋትን ራም ተቀብሎ፣ ልዩነቱን ቆጥሮ መለሰልኝ።

ማታ ኬዙን ከፈትኩ፣ መጀመሪያ ብረቱን ነካሁ፣ ከዚያ ራሞቹን አስገባሁና አበራሁ። ኮምፒውተሩ ጮኸ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ልቤ ወረደ። አጥፍቼ፣ ገመዱን ነቅዬ ባይ ለካ የአንዷ ራም አንድ ጫፍ አልገባም፤ ሁለቱም ማቀፊያዎች ቀጭ እስኪሉ ድረስ ገፋሁና እንደገና አበራሁ። 8 ጊጋ አለኝ።

መዝገቡ ተከፈተ፣ ሒሳቡ ወጣ፣ በሩ ላይ የነበሩት አባት ደረሰኛቸውን ከላስቲኩ ፈቱ። ጋሼ ግን ስክሪኑን እንኳ ሳያዩ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ጨርቄስ?» አሉ።