የአንዱን ጎጆ አፍርሶ ሌላውን መክደን፦ የፉክክር ሚዛንና የክለብ ድጋፍ በአውስትራሊያ የሴቶች ፉትቦል ሊግ

እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለተኛ አጋማሽ ሲድኒ ስዋንስ የተባለው አንጋፋ ክለብ የሴቶች ቡድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አውስትራሊያ የሴቶች ፉትቦል ሊግ አስገባ። ቡድኑ 10 ጨዋታ አደረገ፤ አሥሩንም ተሸነፈ። ሁሉም ቡድኖች እኩል አቅም ቢኖራቸው ኖሮ አንድ ቡድን አሥሩንም በዕድል ብቻ የሚሸነፍበት አጋጣሚ ከ1,024 አንድ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ያው ቡድን 6 ጨዋታ አሸንፎ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ፤ እዚያም ጎልድ ኮስትን አሰናበተ።

በሁለቱ ውድድሮች መካከል ሊጉ ለአራቱ አዲስ ገቢ ክለቦች ልዩ የፊርማ ጊዜ ከፍቶ ነበር። መደበኛው የዝውውር ወቅት ሳይደርስ ከነባር ክለቦች ተጫዋች እንዲያስፈርሙ ተፈቀደላቸው፤ ተጫዋች የተወሰደባቸው ክለቦች ደግሞ በድራፍት፣ ማለትም በአዳዲስ ወጣቶች ምርጫ፣ ተጨማሪ ተራ በማግኘት ተካሱ። ሲድኒ ክሎይ ሞሎይን ከኮሊንግዉድ፣ ሉሲ ማክኤቮይን ከካርልተን ያመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ላይ ላዩን ሲታይ ታሪኩ እዚህ ያበቃል፤ ድጋፍ ተሰጠ፣ ደካማው ተጠናከረ። ሊጉን ከተመሠረተበት ከ2017 ጀምሮ ለተከታተለ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ፣ ተጫዋችን ከክለብ ወደ ክለብ በማዘዋወር የሚሰጥ ድጋፍ ድክመትን ከማጥፋት ይልቅ አድራሻውን ይቀይራል፣ ትክክለኛ ውጤቱም በአንድ ዓመት ሳይሆን በአምስትና በስድስት ዓመት ነው የሚታየው የሚል ነው።

ሚዛኑ ለምን ይፈለጋል?

የአውስትራሊያ ፉትቦል በሞላላ ሜዳ፣ በሞላላ ኳስ፣ በእግርም በእጅም የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። በሁለቱ መካከለኛ ቋሚዎች መሃል የተመታ ኳስ 6 ነጥብ፣ በጎን ያለፈ ደግሞ 1 ነጥብ ያስገኛል። ወንዶቹ 18 ሆነው ሲሰለፉ ሴቶቹ 16 ናቸው።

ስፖርትን ከሌላው ንግድ የሚለየው አንዱ ነጋዴ ሌላው እንዲከስር የማይመኝ መሆኑ ነው። ኢኮኖሚስቱ ዋልተር ኒል በ1964 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን በቦክሰኛው በጆ ልዊስ ምሳሌ አስረድቷል፦ የሻምፒዮኑ ገቢ የሚያድገው ተቀናቃኙ ማክስ ሽሜሊንግ ሲበረታ እንጂ ሲደክም አይደለም። ከእሱ ቀደም ብሎ በ1956 ሳይመን ሮተንበርግ ስለ ቤዝቦል ተጫዋቾች የሥራ ገበያ ሲጽፍ ተመልካች የሚመጣው ውጤቱ አስቀድሞ የማይታወቅ ሲሆን እንደሆነ አመልክቶ ነበር። ይኸው ጸሐፊ አንድ የማይመች ነገርም ጨምሯል፤ ሕጉ ምንም ይሁን ምን ተጫዋቹ ውሎ አድሮ ችሎታው ይበልጥ ዋጋ ወደሚያወጣበት ክለብ መሄዱ አይቀርም አለ።

የአውስትራሊያ ፉትቦል አስተዳዳሪዎች በዚህ አስተሳሰብ ዘመናትን ኖረዋል። የደመወዝ ጣሪያ በ1985፣ ድራፍት ደግሞ በ1986 በወንዶቹ ውድድር ሥራ ላይ ዋለ። ድራፍት ማለት አዳዲስ ወጣቶችን ክለቦች በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ሲሆን መጨረሻ የወጣው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል።

የሴቶቹ ሊግ ሲመሠረት መሣሪያዎቹ ተወረሱ፤ ገበያው ግን ሌላ ነበር። በ2017 የአንድ ዋና ተጫዋች ክፍያ 27,000 የአውስትራሊያ ዶላር፣ የዝቅተኛው እርከን ደግሞ 8,500 ዶላር ነበር። በዚህ ገንዘብ ማንም ቤት አይሠራም። አብዛኞቹ ሴቶች ቀን ሌላ ሥራ ሠርተው ማታ ልምምድ የሚወጡ ነበሩ። ስለዚህ ለዝውውር የሚያነሳሳቸው ከደመወዙ ይልቅ የቤት ቅርበት፣ የሥራ ቦታ፣ ጓደኛና የልጅነት ክለብ ነበር። ኤሪን ፊሊፕስ የሊጉን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ሁለት ጊዜ ከአደሌይድ ጋር ከወሰደች በኋላ በ2022 ወደ ፖርት አደሌይድ ስትሄድ የሄደችው አባቷ ግሬግ ፊሊፕስ ስሙን ወደተከለበት ክለብ ነው። የሮተንበርግ ቀመር እንዲህ ያለውን ዋጋ አይቆጥርም።

ስምንት የነበረው አሥራ ስምንት ሲሆን

ሊጉ በ8 ክለቦች ጀመረ። የመጀመሪያው ጨዋታ፣ የካርልተንና የኮሊንግዉድ፣ 24,568 ተመልካች ስቦ በሮቹ እስከ መዘጋት ደረሱ። በ2019 ኖርዝ ሜልቦርንና ጂሎንግ ተጨመሩ፤ በ2020 ጎልድ ኮስት፣ ሪችመንድ፣ ሴንት ኪልዳና ዌስት ኮስት ገቡ፤ ሁለት ውድድር በተካሄደበት በ2022 ደግሞ በሁለተኛው ውድድር ኤሰንደን፣ ሆቶርን፣ ፖርት አደሌይድና ሲድኒ መጥተው ቁጥሩ 18 ሞላ። ከ200 ጥቂት በላይ የነበሩት ተጫዋቾች በስድስት ዓመት ውስጥ ከ500 በላይ ሆኑ። ከሥር የሚያድጉት ልጃገረዶች ግን በዚያ ፍጥነት አልደረሱም። አዲስ ክለብ በገባ ቁጥር ከነባሮቹ መቆንጠር ግድ ሆነ።

ቁንጠራው ምን እንዳደረገ ለማየት ዌስተርን ቡልዶግስን መመልከት ይበቃል። ክለቡ በ2018 ብሪዝበንን 27 ለ21 ረትቶ ዋንጫ አነሣ። በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ ተብላ የተሸለመችው ኤማ ኪርኒ ወዲያው ወደ አዲሱ ኖርዝ ሜልቦርን ሄደች። ከአንድ ዓመት በኋላ አምበሏ ኬቲ ብሬናንና ወጣቷ ሞኒክ ኮንቲ ወደ ሪችመንድ ተሻገሩ። በ2022 ቦኒ ቱጉድ ወደ ኤሰንደን፣ ኢዛቤል ሀንቲንግተን ወደ ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ አመሩ። በ2023 ኮንቲ በሪችመንድ መለያ የሊጉ ምርጥ ተብላ ስትሸለም ቡልዶግስ አንድ ጨዋታ ብቻ አሸንፎ የሠንጠረዡ ግርጌ ላይ ተገኘ። ለአዲሶቹ ጎጆ ሣር ሲመዘዝ የቡልዶግስ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ።

ብሪዝበን ላይ የደረሰው ቁንጠራ ከዚህ ቢብስ እንጂ አያንስም። በ2019 ኬትሊን አሽሞርና ጄሚ ስታንተን ወደ ኖርዝ ሜልቦርን ሄዱ፤ ቀጥሎ ሳብሪና ፍሬድሪክ ለሪችመንድ፣ ኬት ማካርቲ ለሴንት ኪልዳ ፈረሙ፤ ጎልድ ኮስትም ከጎረቤቱ በርካታ ተጫዋች ወሰደ። ብሪዝበን በ2021 ዋንጫ በላ። ከ2022 ሁለተኛ ውድድር በኋላ ደግሞ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ውድድር የሊጉ ምርጥ የነበረችው ኤሚሊ ቤትስ ወደ ሆቶርን፣ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ጄሲ ዋርድሎ ወደ ሴንት ኪልዳ ተዛወሩ። ብሪዝበን በ2023 እንደገና ዋንጫ አነሣ። አሠልጣኙ ክሬግ ስታርሴቪች ከ2017 ጀምሮ አልተቀየረም።

የተፋሰሱ ጥልቀት

በእነዚህ ሁለት ክለቦች መካከል ያለውን ልዩነት በአሠልጣኝ ጥንካሬ ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። መልክዓ ምድሩም የራሱ ድርሻ አለው። ከ18ቱ ክለቦች 10 ቪክቶሪያ ግዛት ውስጥ ሲሆኑ ሌሎች አራት ግዛቶች ሁለት ሁለት ክለብ አላቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድራፍቱ በግዛት የተከፋፈለ ስለነበር አንዲት ወጣት የምትፈልገውን ግዛት ትመርጥና በዚያ ያሉ ክለቦች ይወስዷታል። ቡልዶግስ ለአንድ ቪክቶሪያዊት ልጅ ከበርካታ ጎረቤቶች ጋር ሲሻማ ብሪዝበን እስከ 2020 ድረስ በኩዊንስላንድ ብቻውን ነበር።

የአደሌይድ ታሪክ ይህን ያጠናክራል። ክለቡ ሦስት ዋንጫ አለው፤ የ2017፣ የ2019 እና የ2022 የመጀመሪያው ውድድር። ሦስቱም የተገኙት ፖርት አደሌይድ ሳይመጣና ደቡብ አውስትራሊያ የአደሌይድ ብቻ በነበረበት ዘመን ነው።

ሆኖም ብቸኝነት ብቻውን ዋስትና አልነበረም። ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ እስከ 2022 በኒው ሳውዝ ዌልስ ብቻውን ቢሆንም ለዋንጫ አልደረሰም፤ ግዛቱ የራግቢ አገር ስለሆነ ልጃገረዶቹ የሚያድጉት በሌላ ኳስ ነው። ክለቡ በ2018 ከአየርላንድ የጌሊክ ፉትቦል ኮከቧን ኮራ ስታንተንን ማስመጣቱ ጉድለቱን በምን ይሞላ እንደነበር ያሳያል። ብሪዝበንም ቢሆን ጎልድ ኮስት መጥቶ ኩዊንስላንድን ከተካፈለው በኋላ ነው ሁለቱንም ዋንጫ ያነሣው። ስለዚህ ወሳኙ በግዛቱ ስንት ክለብ አለ የሚለው ብቻ ሳይሆን ከሥር ስንት ልጅ ያድጋል፣ ክለቡስ እንዴት ያሳድጋታል የሚለውም ነው።

አሳሳቹ ሠንጠረዥ

ሚዛንን መለካት በራሱ ፈተና ነው። ተመራማሪዎች በሮጀር ኖልና በጄራልድ ስኩሊ ስም የሚጠራውን መለኪያ ይጠቀማሉ፤ የቡድኖች የማሸነፍ ምጣኔ ምን ያህል እንደተበታተነ ይታይና ሁሉም እኩል ቢሆኑ በዕድል ብቻ ሊፈጠር ከሚችለው መበታተን ጋር ይነጻጸራል። የዕድሉ ድርሻ በ7 ጨዋታ 0.19፣ በ12 ጨዋታ 0.14፣ በወንዶቹ 23 ጨዋታ 0.10 ገደማ ነው። ውድድሩ ባጠረ ቁጥር ሠንጠረዡ ስለ እውነተኛ አቅም የሚናገረው እያነሰ ይሄዳል።

በ2019 ይህ በአደባባይ ታየ። 10ሩ ቡድኖች በሁለት ምድብ ተከፍለው ሰባት ሰባት ጨዋታ አደረጉ። በአንደኛው ምድብ ኖርዝ ሜልቦርን አምስት አሸንፎ ሁለት ተሸንፎ ሦስተኛ ስለወጣ ወደ ቤቱ ተሸኘ። በሌላው ምድብ ጂሎንግ ሦስት አሸንፎ አራት ተሸንፎ አለፈ፤ ቀጥሎ አደሌይድ 73 ለ7 ቀጣው። ካርልተን በአራት ድል ምድቡን መርቶ ለፍጻሜ ቢደርስም አደሌይድ ከተማ ውስጥ 53,034 ሰው ፊት 63 ለ18 ተሸነፈ። በምድብ መከፋፈሉ ከ2020 አልዘለለም። ዛሬም ችግሩ ሙሉ በሙሉ አልተቃለለም፤ በ2025 እያንዳንዱ ቡድን 12 ጨዋታ ሲያደርግ ተጋጣሚዎቹ 17 ስለሆኑ ከአምስቱ ጋር ሳይገናኝ ያልፋል።

ይህ ለድጋፍ ውሳኔ አደገኛ ነው። በአንድ መጥፎ ዓመት ተመርኩዞ ተጨማሪ ምርጫ መስጠት ዕድል ያጣውን ከደካማው ጋር ያደባልቃል። ሌላም መዘዝ አለው፤ መሸነፍ ትርፍ ሲያመጣ መሸነፍን የሚመኝ አይጠፋም። በወንዶቹ በኩል በሜልቦርን ክለብ የ2009 ውድድር ላይ ምርመራ ተካሂዶ ክለቡ ሆን ብሎ አልተሸነፈም ቢባልም፣ በኃላፊዎቹ አድራጎት ምክንያት በ2013 የ500,000 ዶላር ቅጣት ተጥሎበታል።

የዘገየው ውጤት

የ2023ቱ ልዩ ፊርማ ያተረፈው ሲድኒን ብቻ አይደለም። በ2024 ሆቶርን በመደበኛው ውድድር ሁለተኛ ወጣ፤ ፖርት አደሌይድ ለፍጻሜ አንድ ጨዋታ እስኪቀረው ተጓዘ። ከአዲሶቹ የሊግ አባላት አንዱም ለዘለቄታው የሌሎች መቀለጃ አልሆነም። ድጋፉን የሚደግፉ ወገኖች ይህን ቢጠቅሱ እውነት አላቸው።

የዚያው ዓመት ዋንጫ ግን የኖርዝ ሜልቦርን ሆነ። ክለቡ በፍጻሜው ብሪዝበንን 39 ለ9 አሸነፈ፤ ዋንጫውን የተቀበለችው አምበል ከስድስት ዓመት በፊት ከቡልዶግስ የመጣችው ኤማ ኪርኒ ነበረች። ከኮሊንግዉድ በዚያው ጊዜ የተወሰደችው ጃስሚን ጋርነርም የመሃል ሜዳው ሞተር ሆናለች። ኖርዝ ሜልቦርን በ2025 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫውን ደገመ። ለጀማሪ ክለብ በ2018 የተሰጠው ድጋፍ በመጀመሪያው ዓመት ጥሎ ማለፍ እንኳ አላስገባውም ነበር፤ በሰባተኛው ዓመት ሊጉ ውስጥ የሚያቆመው ጠፋ።

በ2023 የተፈረመው የጋራ ስምምነት አማካይ ክፍያውን ወደ 60,000 ዶላር አሳድጎ በ2027 ወደ 82,000 እንዲደርስ ያቅዳል፤ የጨዋታዎቹን ቁጥር መጨመር ደግሞ በአማካይ 6,000 ተመልካች በሜዳና 100,000 በቴሌቪዥን ከማግኘት ጋር አቆራኝቶታል። ክፍያው ሲያድግ ተጫዋች ወደ ገንዘቡ ይሄዳል የሚለው የሮተንበርግ ትንቢት ይበልጥ ሊሠራ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ቁንጠራ ይጠብቃል። ሊጉ ለታዝማኒያ በ2023 ፈቃድ የሰጠ ሲሆን ክለቡ 19ኛ ሆኖ በ2028 እንዲገባ ታቅዷል። እሱም ሙሉ ቡድን የሚሆን ተጫዋች ይፈልጋል፤ ሊጉም ተጫዋቾቹ ከየትኞቹ ክለቦች እንደሚወሰዱ፣ ከአንድ ክለብ ቢበዛ ስንት መውሰድ እንደሚቻልና የተወሰደበት በምን እንደሚካስ ከወዲሁ መወሰን ይኖርበታል።