ጧሪ ሲታጣ፦ አረጋውያንና የምግብ ዕርዳታ በደሴና በኮምቦልቻ፣ ከ1965 ዓ.ም. ወዲህ

(ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



ንግግሬን በአንድ ቃል ልጀምር። «ጦረ» ማለት ያረጀ ወላጅን ማብላት፣ ማልበስ፣ መንከባከብ ነው። «ጧሪ ቀባሪ» የምንለው ከዚሁ ግስ ይወጣል፤ «ጡረታ»ም እንዲሁ። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ሲወጣ ቃሉ ከቤት ወደ ቢሮ ተሻገረ፤ ገበሬው ግን አብሮ አልተሻገረም። የወሎ አራሽ ጡረታው ልጁ ነበር፤ በአብዛኛው ዛሬም ነው። እንግዲህ ልጁ ራሱ በተራበ፣ በሞተ ወይም በተሰደደ ጊዜ አረጋዊ ወላጁን ማን ያበላው ነበር? የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ረኀቡ በወሎ ሲበረታ ከየገጠሩ የወረደው ሕዝብ በደሴ–መቀሌ አውራ ጎዳና ዳር ተጠለለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከስፍራው ያመጡት ፎቶግራፍ በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ለእይታ ቀረበ፤ በጥቅምት 1966 ደግሞ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደ ረኀቡ መጠን እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚጫን እህል እንደነበረ አመልክቷል። በእርሱ ትንታኔ ሕዝቡን የጎዳው እህሉን የሚያገኝበት አቅም ማጣቱ ነው። ይህን ሐሳብ ወደ አረጋዊ ቤት ብናወርደው ምን ይሆናል? በሬው የሞተበት ጎልማሳ ቢያንስ ጉልበቱን ይሸጣል፤ የሰባ ዓመት ሰው የሚሸጠው ጉልበት የለውም። መጠለያ የሚደርሰውም መራመድ የቻለ ነው። ከቤቱ የቀረው በመጠለያው መዝገብ ላይ አይገኝም፤ በመዝገብ የምንሠራ የታሪክ ሰዎች ይህን ልብ ልንል ይገባል።

የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ አሠራሩ መልክ ያዘ፤ ረኀብን የሚለካው ዐይን ግን በሕፃን ላይ የተተከለ ነበር። «ፋፋ» የተባለውን አልሚ ምግብ አስቡ። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1962 ከተጀመረው የሕፃናት ሥነ ምግብ ሥራ የተወለደ ነው። ስሙ ራሱ የሕፃንና የጥጃ ቃል ነው፤ ሽማግሌ ፋፋ ሲባል የሰማሁበት ጊዜ የለም። በ1977 ዓ.ም. በኮረምና በባቲ መጠለያዎች ሰው ሲረግፍ፣ በዘመኑ በተለመደው መለኪያ መሠረት ክብደቱ ለቁመቱ ከሚገባው ከ80 በመቶ በታች የሆነ ሕፃን ተጨማሪ ምግብ፣ ከ70 በመቶ በታች የሆነው ደግሞ ልዩ ክትትል ይገባዋል ይባል ነበር። ለአረጋዊው የቀረው አጠቃላይ ሬሽን ነው፤ እርሱም እህል በደረሰና ባልደረሰ ቁጥር ይዋዥቃል። ሕፃናትን ማስቀደም ስሕተት ነበር አልልም። ችግሩ መለኪያው ለአረጋዊ አለመሥራቱ ነው፤ ጀርባው የጎበጠ ሰው ቁመቱ በትክክል አይለካምና። ሔልፕኤጅ ኢንተርናሽናልና የለንደን የሥነ ንጽህናና የሐሩር ክልል ሕክምና ትምህርት ቤት በቁመት ፋንታ የክንድን ዝርጋታ መለካትን የሚመክር መመሪያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከኮረም 15 ዓመት ዘግይቶ!

በዚያው ክፉ ዘመን የተካሄደው ሰፈራ 600,000 ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አጓጓዘ፤ ትልቁ ድርሻ የወሎ ነበር። ምርጫው መሥራት የሚችለውን ያስቀድማል፤ ጧሪ ይሄዳል፣ ተጧሪ ይቀራል ማለት ነው።

ኮምቦልቻ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጎተራ ናት። ከአሰብ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው መንገድ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ የመጠባበቂያ የምግብ ክምችት መጋዘኖችም እዚያው ተሠሩ። ይሁን እንጂ ከመጋዘን እስከ አፍ ያለው መንገድ ለአረጋዊ ረጅም ነው። የተለመደው ወርኃዊ ድርሻ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል ነው። እህሉ ያልተፈጨ ስንዴ ሲሆን ተሸካሚ ይፈልጋል፣ የወፍጮ ዋጋ ይፈልጋል፤ ተፈጭቶም ጥርስ ለሌለው ሰው ገንፎ ወይም አጥሚት የሚያደርግለት እጅ ይፈልጋል። ለተሸካሚውም ለወፍጮውም የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ከዚያችው 15 ኪሎ ላይ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት በሥራ የሚሳተፈውን «ቀጥታ ድጋፍ» ከሚያገኘው ለየ። በእኔ ግምት ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ መሥራት አለመቻል በራሱ የመረዳት መብት ሆኖ ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው ምዕራፍ ቋሚ ድጋፉን ዓመቱን ሙሉ እንዲሆን አደረገ። የከተማው ሴፍቲኔት ሲጀመር ደግሞ ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ነገር ግን ጎልማሳ ልጅ ያለው አረጋዊ በአብዛኛው የሚቆጠረው በልጁ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ልጁ በእርግጥ ይጦረው እንደሆነ የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

ወሎ ለዚህ ጉርብትና ቅሬ አለው፤ እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚያሰባስብ። ቅሬ ግን በመሠረቱ የቀባሪ እንጂ የጧሪ ማኅበር አይደለም። ለአስከሬን ወዲያው ይሰበሰባል፤ ለጦም አዳሪ መሰብሰብ የየሰፈሩ በጎ ፈቃድ ነው። ዘካና ሰደቃ፣ ሰንበቴና ማኅበር ክፍተቱን በከፊል ይሸፍኑታል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ሲገፋ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠለለ፤ ቆይቶም ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ ውስጥ ወደቁ። በኅዳር መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኮምቦልቻ መጋዘኖቹ ዘረፋ መድረሱን ገልጾ በሁለቱም ከተሞች የምግብ እደላውን አቆመ። ከተዘረፈው መካከል በስም የተጠቀሰው ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀው አልሚ ምግብ ነበር። ለአረጋውያን ተብሎ የተለየ ምግብ በመግለጫው አልተጠቀሰም።