ከማሲንቆ እስከ ትሬይለር፦ የስላቅ ጥበብ መንገድ

ትሬይለር አንድ ፊልም ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ተመልካችን ለመሳብ ሲባል ከፊልሙ በተመረጡ ትዕይንቶች፣ በሙዚቃና በተራኪ ድምፅ የሚዘጋጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ደቂቃ የማይበልጥ ማስታወቂያ ነው። ፓሮዲ ደግሞ የአንድን ሥራ መልክና አካሄድ እንዳለ ወስዶ በውስጡ ያለውን ግነት በሳቅ የሚያጋልጥ የኪነ ጥበብ ስልት ነው። ሁለቱ ተገናኝተው ያስገኙት የትሬይለር ፓሮዲ የተስፋፋው በኢንተርኔት ዘመን ቢሆንም፣ መሠረቱ ግን ከሲኒማም ይቀድማል፤ ውዳሴ ባለበት ሁሉ በራሱ በውዳሴው ቋንቋ ውዳሴውን የሚፈትን ሰው ኖሯልና። በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅና በአምባሰል ምድር፣ ይህን ሥራ ለዘመናት ይዞት የኖረው አዝማሪው ነው።

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞአ ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የምትታወቅ ከተማ ናት። ከእርሷ በስተሰሜን የሚገኘው አምባሰል ግሸን ማርያምንና ውጫሌን የያዘ ተራራማ አገር ሲሆን፣ ስሙን ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከሚጠሩት አራቱ የኢትዮጵያ ቅኝቶች ለአንዱ ሰጥቷል። ቅኝት ዜማው የሚመላለስባቸው የተመረጡ ድምፆች ሥርዓት ነው፤ የአምባሰል ቅኝት አምስት ድምፆች ሲኖሩት፣ ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው የሚርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ በመሆኑ ለዜማው የተለየ ጥብቀትና ትካዜ ይሰጠዋል። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን በመላ አገሪቱ ካስወደዱት ድምፃውያን በግንባር ቀደምነት ትጠቀሳለች።

አዝማሪ በሠርግ፣ በድግስና በጠጅ ቤት ሲጫወት ቀዳሚ ሥራው ማወደስ ነው። ባለድግሱን፣ ሙሽራውን፣ ጀግናውን በስም እየጠራ ያሞግሳል፤ ተሞጋሹም ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ከታዳሚው መካከል ግጥም የመጣለት ሰው «ተቀበል!» ሲለው፣ ስንኙን አንድ ጊዜ ሰምቶ ወዲያው ከዜማው ጋር አስማምቶ ያወጣዋል። ስላቁ የሚገባው በዚህ መሐል ነው። ዜማው አይለወጥም፤ የማሲንቆው ምት አይሰበርም፤ በአዝማሪው ፊትም የሳቅ ምልክት አይታይም። ነገር ግን ንፉጉ በቸርነቱ፣ ከዘመቻ ያፈገፈገው በጀግንነቱ ሲወደስ ታዳሚው ነገሩን ቀድሞ ይረዳና ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙ በላይ የሚሰማው ግልጽ ትርጉም፣ ወርቁ ከሥሩ የተሸሸገው እውነተኛው ሐሳብ ነው። የተነካው ሰው ቢቆጣ የሚከስበት ማስረጃ አያገኝም፤ ቃሉ ሁሉ ምስጋና ነውና። አዝማሪው ይህን ስልት የሚጋራው ከቅኔ ቤት ጋር ሲሆን፣ የወሎው ዋድላ ከታላላቆቹ የቅኔ ትምህርት መንገዶች አንዱ መሆኑን ስናስብ፣ ቃልን በሁለት ወገን መሳል ለአካባቢው ሰው እንግዳ ነገር እንዳልነበረ እንረዳለን።

የዚህን ጥበብ ክብደት ከሁሉ አስቀድመው የተረዱት ሥልጣን ላይ የነበሩት ናቸው። በየካቲት 1929 ዓ.ም በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ የጣሊያን አስተዳደር በየአገሩ እየዞሩ የሚያወሩና የሚተነብዩ ሰዎችን፣ ባሕታውያንን ጭምር፣ የአገዛዙን ፍጻሜ ያስወራሉ በማለት አስይዞ አስገድሏል። ከዚያ አስቀድሞም በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያዘጋጁት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር፣ በእንስሳት ተረት ሽፋን የቤተ መንግሥቱን አሠራር ነክቷል ተብሎ ታግዷል። በሁለቱም ዘመን አደገኛ ሆኖ የተገኘው የሚያስቅ ወይም የሚዞር ቃል እንጂ መሣሪያ አልነበረም።

የፊልም ማስታወቂያ ታሪክ የሚጀምረው ግን በሌላ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ኒልስ ግራንሉንድ የተባለ የማርከስ ሎው ቴአትር ቤቶች የማስታወቂያ ኃላፊ፣ ለአንድ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቴአትር ከልምምዱ የተቀረጸ አጭር ፊልም አሠርቶ በሲኒማ ቤቶቹ አሳየ፤ ይህም እንደ መጀመሪያው ትሬይለር ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ሥራው ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ፤ የራሱንም ልማድ አበጀ። የጎላ ድምፅ ያለው ተራኪ፣ ቀስ እያለ የሚያይል ሙዚቃ፣ በጥቁር መደብ ላይ ብቅ የሚሉ ትልልቅ ፊደላት፣ በመጨረሻም በፍጥነት የሚፈራረቁ የፍንዳታና የእንባ ትዕይንቶች የማይቀሩ ሆኑ። ከአምስት ሺህ በላይ ትሬይለሮችን በድምፁ እንደተረከ የሚነገርለት አሜሪካዊው ዶን ላፎንቴን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ የዚህ ልማድ ድምፅ ሆኖ ኖሯል። ልማድ እንዲህ ሲጸና ለቀልደኛ የተመቸ ይሆናል፤ ተመልካቹ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ትንሽ ማዛባት ብቻ ሳቅ ይፈጥራልና።

እ.ኤ.አ. በ1978 ኧርኒ ፎሴሊየስ በስምንት ሺህ ዶላር ገደማ ያዘጋጀው «ሃርድዌር ዎርስ» የተባለው የ13 ደቂቃ ሥራ፣ ከአንድ ዓመት በፊት የወጣውን «ስታር ዎርስ» በትሬይለር መልክ የሚያፌዝበት ነበር። በጠፈር ላይ የሚበርሩት መርከቦች ካውያና የዳቦ መጥበሻ ናቸው፤ ተራኪው ግን ስለ ታላቅ ጀብዱ እየተረከ ድምፁን አይቀንስም። ሳቁ የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

ዘውጉን ወደ ኢንተርኔት ያሸጋገረው ሥራ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሮበርት ራያንግ የተባለ የኒው ዮርክ ረዳት የፊልም አርታኢ ለአርታኢዎች ውድድር ሲል የስታንሊ ኩብሪክን «ዘ ሻይኒንግ» የተባለ አስፈሪ ፊልም ወስዶ አንድም አዲስ ትዕይንት ሳይቀርጽ አዲስ ትሬይለር አዘጋጀለት። በመጥረቢያ በር የሚፈልጠው አባት፣ በራያንግ አቀራረብ፣ መጽሐፉን ለመጨረስ የተቸገረ ደግ ጸሐፊ ሆነ፤ በፍርሃት የሚርደው ልጅ የአባት ፍቅር የሚሻ ሕፃን ሆነ፤ ለስላሳ ድምፅ ያለው ተራኪና የፒተር ጋብሪኤል ደስ የሚል ዘፈን ሲጨመሩበት ፊልሙ የቤተሰብ ኮሜዲ መሰለ። ሥራው ከቀልድ ያለፈ ዕውቀት ይዟል፤ ሙዚቃ፣ ትረካና የቅደም ተከተል ለውጥ ብቻ የአንድን ምስል ትርጉም ፈጽመው ሊገለብጡ እንደሚችሉ፣ ስለዚህም እውነተኛው ትሬይለር ራሱ የተመልካቹን ስሜት እንዴት አድርጎ እንደሚሠራው በተግባር አሳይቷል። ይህን በሚመለከት የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ያን ያህል አያስተምሩም። ከሰባት ዓመት በኋላ የጀመረው «ኦነስት ትሬይለርስ» የተባለው ተከታታይ ዝግጅት ደግሞ የላፎንቴንን ዓይነት ድምፅ አስመስሎ የፊልሞችን ጉድለት በመዘርዘር ታወቀ።

በኢትዮጵያ ሲኒማ ገና ሲገባ ሕዝቡ ትርኢት የሚታይበትን አዳራሽ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም ለዕይታ በቃ። በትንንሽ ከተሞች ግን ፊልም የደረሰው ከሁሉ በላይ በቪዲዮ ቤት ነው፤ ይኸውም አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻና አግዳሚ ወንበሮች ያሉበት፣ የዕለቱ ፊልም ስም በር ላይ በጠመኔ የሚጻፍበት ክፍል ነው። ማስታወቂያውም ያ የጠመኔ ጽሑፍና በሞንታርቦ የሚለፈፍ ድምፅ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዲጂታል ካሜራ የአማርኛ ፊልም ሥራን ካበዛ በኋላ፣ ትሬይለርም በሲኒማ ቤት፣ በቴሌቪዥን፣ ቀጥሎም በዩቲዩብ የተለመደ ሆነ። ብዙዎቹ ጥፊውን፣ እንባውንና የፍቅሩን ፍጻሜ ሳይቀር በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስለሚያሳዩ፣ ለተመልካቹ የሚተርፍለት ጥቂት ነው።

አስቂኝ ማስመሰል በበኩሉ ከአዝማሪው ወደ መድረክ፣ ከመድረክ ወደ ካሴትና ሲዲ ተሻግሯል። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ እንዲሁም ተስፋዬ ካሣ የሰውን አነጋገርና የዘመኑን ልማድ እያስመሰሉ ያሳቁ የዚህ ሽግግር ባለውለታዎች ናቸው። በሌላ ሰው ምስል ላይ የራስን ድምፅ የመጫን ልምድ ደግሞ በትርጉም ፊልሞችና በ2008 ዓ.ም በተጀመረው ቃና ቴሌቪዥን አማካይነት ወደ እያንዳንዱ ቤት ገባ። ዛሬ በስልክ የተቀነጨበ ምስል ላይ የሚያስቅ አማርኛ የሚጭኑ ወጣቶች በዚህ ልምድ ያደጉ ናቸው። ሆኖም ብዙው ሥራ በድምፅ ቀልድ ላይ ያቆማል፤ የትሬይለርን አጠቃላይ አካሄድ፣ ማለትም የሙዚቃውን አወጣጥ፣ የጽሑፉን ግነትና የትረካውን ምት አጥንቶ በዚያው መልክ የሚመልስ ገና ጥቂት ነው። አዝማሪው ግን ቅኝቱን ጠንቅቆ ሳያውቅ ለመሳለቅ አይነሣም ነበር። ዜማውን የሳተ አዝማሪ የሚሳቅበት ራሱ ነውና።

የሕጉም ጉዳይ ሊዘነጋ አይገባም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሕዝብ ከቀረበ ሥራ ምንጩን ገልጾ፣ ዓላማው ከሚፈልገው ልክ ሳያልፉ መጥቀስን ይፈቅዳል። ስለዚህ የሰውን ፊልም የሚነካ ቀልደኛ የወሰደውን ማሳጠርና የባለቤቱን ስም መጥቀስ ይጠበቅበታል፤ የራሱን ትዕይንት ቀርጾ የሚያስመስል ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ነፃ ነው። ካውያውን መርከብ ያደረገው ፎሴሊየስ የመረጠው ይህን መንገድ ነበር።

በሐይቅና በአምባሰል ካሜራ ያነሡ ወጣቶች ከሩቅ አገር ሥራዎች የአርትዖትን ስልት ቢማሩ ይጠቅማቸዋል፤ ነገር ግን ውዳሴን ሳያዛቡ ወደ ስላቅ የማዞርን ጥበብ የሚያውቁት አዝማሪዎች በአካባቢያቸው ይገኛሉ። የወረዳዎቹ የባህል ጽሕፈት ቤቶችም ሆኑ ወጣቶቹ እነዚህ አዝማሪዎች በሠርግና በድግስ ሲጫወቱ፣ የ«ተቀበል» ልውውጡ ሳይቆረጥ፣ በፈቃዳቸውና ተገቢው ክፍያ ተሰጥቷቸው ድምፃቸውንና ምስላቸውን ሊቀርጹ ይገባል፤ ይህም ነገ ዛሬ ሳይባል መጀመር አለበት።