180 ሺህ ዶላር ትቶ ወደ ክፍል የተመለሰው ልጅ

ነገሩ የሆነው በጥር 1991 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ቱሳን በምትባል ከተማ ፊል ሚክልሰን የተባለ የ20 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጎልፍ እንጀራቸው ከሆነ ሰዎች ጋር ገጥሞ አንደኛ ወጣ። የአንደኛው ሽልማት 180 ሺህ ዶላር ነበር። ልጁ ግን አንድ ሳንቲም አልነካም። አማተር ነዋ! ገንዘቡ ከእሱ በታች ለጨረሱት ባለሙያዎች ሄደ፤ እሱ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ።

«ምን ዓይነት ጅል ነው?» ትሉ ይሆናል። ቆዩማ፣ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

በድሮው ጎልፍ አማተርና ፕሮፌሽናል የሚለያዩት በችሎታ ሳይሆን በመደብ ነበር። ፕሮፌሽናሉ ዱላ የሚጠግን፣ ጌቶችን የሚያለማምድ ተቀጣሪ ነው፤ ክለቡ ቤት በዋናው በር አይገባም። አማተሩ ግን ጌታው ራሱ ነው። በ1920 እንግሊዝ ውስጥ ዲል በተባለ ስፍራ በተደረገው ውድድር አሜሪካዊው ፕሮፌሽናል ዋልተር ሄገን ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ሲከለከል፣ ከነሹፌሩ የተከራየውን ውድ መኪና ክለቡ ደጃፍ ላይ አስቁሞ እዚያው ውስጥ ይቀይር ነበር። አያችሁ ንዴት!

በዚያ ዘመን ለደህና ቤተሰብ ልጅ ፕሮፌሽናል መሆን ዕድገት ሳይሆን መውረድ ነበር። የአትላንታው ቦቢ ጆንስ ምህንድስና ተማረ፣ ሃርቫርድ ገብቶ ሥነ ጽሑፍ ጨመረ፣ ሕግም አጥንቶ ጠበቃ ሆነ። በ1930 የዘመኑን አራት ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት ጠራርጎ ወሰደ፤ ያውም በአማተርነቱ። ከዚያ ገና በ28 ዓመቱ «በቃኝ» አለ። ለዋርነር ብራዘርስ የጎልፍ ማስተማሪያ ፊልሞች ሠርቶ ገንዘቡን ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ ችሎታውን የሸጠው መወዳደሩን ካቆመ በኋላ ነው።

ቴሌቪዥንና የማስታወቂያ ብር ሲመጣ ሚዛኑ ተገለበጠ። ነሐሴ 1996 ላይ የ20 ዓመቱ ታይገር ዉድስ ከሁለት ዓመት ትምህርት በኋላ ስታንፎርድን ለቀቀ፤ የናይኪ የ40 ሚሊዮን ዶላር ውል እየጠበቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ የጎበዝ አማተሮች ጥያቄ «ፕሮፌሽናል ልሁን ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «መቼ?» ሆነ።

ይህ «መቼ» ምን ያህል እንደሚያስከፍል ጀስቲን ሮዝን ጠይቁት። በ1998 የብሪታንያ ኦፕን ላይ ይህ የ17 ዓመት እንግሊዛዊ አራተኛ ደረጃን ተጋራ። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ኳሷን ከሩቅ ሲከታት ሕዝቡ አበደ። በማግስቱ ፕሮፌሽናል ሆነ። ከዚያስ? በተከታታይ 21 ውድድሮች ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ማጣሪያ ማለፍ አቃተው። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባል የለ? ሮዝ ለቅሞታል፤ በ2013 የአሜሪካን ኦፕን፣ በ2016 የሪዮ ኦሎምፒክን ወርቅ ወሰደ። ለቀማው ግን ዓመታት ፈጀበት።

እንግዲህ ሚክልሰንንና ሮዝን አስተያዩ። ሁለቱም ተሰጥኦ ነበራቸው። ልዩነቱ ያለው በሩ ላይ ነው። የቱሳን ድል ለሚክልሰን ብር ባይሰጠውም፣ በታላላቆቹ ውድድሮች ያለመግቢያ ፈተና የመጫወት መብት አስገኝቶለታል። ስለዚህ ዲግሪውን ጨርሶ በ1992 ፕሮፌሽናል ሲሆን ቦታው ይጠብቀው ነበር። ሮዝ ግን አራተኛ መውጣቱ ጭብጨባ እንጂ ቋሚ ቦታ አልሰጠውም፤ የአዘጋጆችን ግብዣ እየጠበቀ መጫወት ነበረበት። ግብዣ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ስህተት የመጨረሻው ይመስለዋል።

ከ33 ዓመት በኋላ፣ በጥር 2024፣ የሚክልሰን ታሪክ ተደገመ። ኒክ ደንላፕ የተባለ የ20 ዓመት የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካሊፎርኒያ ላይ አሸነፈ፤ 1.5 ሚሊዮን ዶላሩን ሁለተኛ የወጣው ወሰደው። እሱ ግን እንደ ሚክልሰን ወደ ክፍል አልተመለሰም፤ ሳምንት ሳይሞላው ፕሮፌሽናል ሆነ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌም ሌላ ውድድር አሸነፈ። አንዱ ቆየ፣ አንዱ ሄደ። ሁለቱም ግን የሄዱት በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው።

የጎልፍ ዱላ ጨብጠን የማናውቅ እንበዛለን። «ትምህርቱን ልጨርስ ወይስ ሥራው ሳያመልጠኝ ልግባ?» ብሎ ያላደረ ግን ስንቱ ነው? ጓደኛ «አንተማ ጎበዝ ነህ፣ ምን ትጠብቃለህ!» ይላል። ጉብዝናማ ሮዝም ነበረው። ከመዝለል በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ጭብጨባው ሲያልቅ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የምገባበት በር አለኝ ወይ?